ለአባቴ የነገርኩት ወንዝ

ሥራዬ ቀለም ማየት ነው። ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በነጭ መብራት ሥር የተዘረጋ ጨርቅ እያየሁ፣ ከናሙናው የደመቀውን ወይም የደበዘዘውን ለይቼ አወጣለሁ። ሌላው ሰው "ሰማያዊ" ብሎ የሚያልፈውን እኔ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። አለቃዬ በዓይኔ ይመካል። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ አባቴን ስለ ቀለም የዋሸሁት።

ቤታችን አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። አባቴ ከድሮዎቹ የመንደሩ ገበሬዎች የተወለደ ሰው ነው። የአያቶቹ እርሻ ከፊሉ መጋዘን፣ ከፊሉ አስፋልት ሆኖ ለሱ የተረፈችው ከወንዙ ጋር የተያያዘች ጠባብ ማሳ ናት። እሷ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ያለማል። ውሃውን በሞተር ከወንዙ ይስብና በቦይ ይለቀዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው እንኳ ማሳውን አልተወም። እያንዳንዱን መደብ በእግሩ ያውቀዋል፤ አረሙን ከቆስጣው በጣቱ ይለያል። የማያውቀው ወንዙ በዚያን ቀን ምን እንደሚመስል ብቻ ነው። በኛ ሰፈር ያለ አትክልተኛ ሁሉ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ውሃውን ያያል። ከቀላ፣ ከጠቆረ ወይም አረፋ ከደፈቀ ሞተር አይነሳም፤ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ወርጄ አየዋለሁ። ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝና "ዛሬስ እንዴት አደረ?" ይለኛል። የታመመ ዘመድ እንዳለበት ሰው ነበር አጠያየቁ።

መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር የምነግረው። አንድ ቀን ወይን ጠጅ ነው አልኩት። በማግስቱ ጥቁር ነው አልኩት። በሦስተኛው ቀን አረፋው ከወንዙ ወጥቶ ማሳው ውስጥ እየሄደ ነው አልኩት፤ እውነትም ይሄድ ነበር። ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተቆረሰ ይነሳና፣ በግ በግ አክሎ በመደቦቹ መሀል ይንከባለላል፤ ባለፈበት ቅጠል ላይ ቅባት ይተዋል። አባቴ ሞተሩን ሳያስነሳ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። ችግኙ ጠወለገ፣ እሱም አብሮ ጠወለገ። እህል አልቀምስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በአሥረኛው ቀን "እንግዲህ እኔ የምን ሰው ነኝ?" አለኝ። በጣም ፈራሁ። በማግስቱ ወንዙ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሳለ "ትንሽ ደፍርሷል እንጂ ደህና ነው" አልኩት። ተነሥቶ ቦት ጫማውን አጠለቀ። ጎረቤቶችም አዘኑለት መሰለኝ፣ እውነቱን የነገረው የለም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ቢከብደኝም አልተውኩትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። አንድ ማክሰኞ ወንዙ ላይ ያየሁት ቀይ፣ ከሳምንት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ቀይ ነው። ናሙናውን በእጄ ይዤ ያሳለፍኩት፣ ቁጥሩን በቃሌ የማውቀው ቀይ። ከኛ ፋብሪካ ይምጣ ከሌላ አላውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቅኩም። ለአባቴ "የላይ አገር አፈር ነው፣ ዝናብ ጥሎ ይሆናል" አልኩትና ወደ ሰርቪሴ ሮጥኩ። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ቀይ እያየሁ ስፈርም ዋልኩ።

ወንዙ ብቻ ቢሆን ምናልባት በለመድኩት። ግን ሌላውም ነገር ተለወጠ። ጠዋት ከውሃው ላይ የሚነሳው ጉም አፍ ውስጥ ሳንቲም የመሰለ ጣዕም ይተዋል። የሰፈሩ ውሾች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጆሯቸውን ጥለው ይሮጣሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች ክረምት ሲገባ በእንቁራሪት ጩኸት እንቅልፍ አጥተን እናማርር ነበር፤ መቼ እንዳቆሙ ልብ ያለ ሰው የለም። እኔም ልብ ያልኩት አባቴ ሲጠይቀኝ ነው። "የት ሄዱ?" አለኝ፤ ስለ ጎረቤት የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ቦታ ቀይረው ይሆናል አልኩት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ መስቀሌ ነው። እናቴ የተወችልኝን የብር መስቀል አንገቴ ላይ አስሬ ነበር። በአመድ ፈትጌ ነጭ አደርገዋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ይጠቁራል። ላቤ ይሆናል ብዬ አውልቄ አልጋዬ ራስጌ ሰቀልኩት፤ እዚያም ማንም ሳይነካው ጠቆረ። ፋብሪካ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ሳስቀምጠው ግን ወር ሙሉ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብር የሚያጠቁር አየር እየሳብን ነው የምናድረው። አባቴ ከግድግዳው ባሻገር ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ የደረቱን ሲርሲርታ እየቆጠርኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ ትንሿን መደብ የቆፈርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ስድስት እርምጃ ብትሆን ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን እቀዳና አጠጣታለሁ። ለአባቴ የማበስለው ቆስጣ ከሷ የቀነጠስኩትን ነው፤ እሱ ከማሳው የመጣ ይመስለዋል። "የአባቶቼ መሬት እንዲህ ነው የሚያበላው" እያለ ደስ ብሎት ይበላል። የማሳው ግን ለገበያ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ አሁን ጽፌ ሳየው ፊቴ ይቃጠላል። ያኔ ግን የማስበው አባቴን ብቻ ነበር። ለሱ የማላቀርበውን፣ ለማላውቀው ሰው እስር በእስር እልክ ነበር።

አትክልቱን የምትረከበን ነጋዴ በሳምንት ሁለቴ በአይሱዙ ትመጣለች። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። ከመጫኗ በፊት ሠራተኞቿ እስሩን ሁሉ ወንዙ ውስጥ ነክረው ያጥቡታል። ቆስጣው ሲነከር ያብረቀርቃል፤ አፈር ያለበትን ገበያ ላይ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ጭነቱ ሲያልቅ አባቴ ለሷ ብሎ ያስቀረውን አንድ ትልቅ እስር አንስቶ "ይሄ ምርቃት ነው፣ ለልጆችሽ" ይላታል። ምርቃት ሳይጨምር የሸጠበት ቀን የለም፤ ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው። እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ "ዕድሜ ይስጥዎ አባባ፣ በእርስዎ ቆስጣ አይደል የሚያድጉት" ትለዋለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ሦስት ልጆች እንዳሏት አውቃለሁ፤ ትንሿ ገና ጥርስ ማብቀሏ ነው ብላ ነግራናለች። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር ግን አባቴ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ ይታየኛል።

ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ስወርድ ወንዙ አልነበረም። እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ጠጋ ስል ቦታው ላይ አለ፣ ይፈሳል፤ ነገር ግን እስከ ወለሉ ይታያል። ድንጋዩ የተፋቀ ይመስል ነጭ ነው። ስንት ዓመት ከጥቁሩ ውሃ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ተገልጦ ተኝቷል፤ ጎማ፣ የተጣመመ የአልጋ ብረት፣ የላም ጎድን አጥንት፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ነጠላ ጫማ፣ አንዱም ከነጥንዱ ያልሆነ። ሽታ የለም። ዝንብ እንኳ የለም። ዝንብ የሌለበት አቃቂ አይቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት የጠላሁት ሽታ ሲጠፋ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

አባቴ ከደጃፉ ሆኖ "ዛሬስ?" ሲል ተጣራ።

እውነቱን ነገርኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳልቀንስ፣ አንድም ሳልጨምር ነው የነገርኩት። "ጠርቷል አባ። ድንጋዩ ይታያል።"

"ውሰጂኝ፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሆዱ ሲባባ ኦሮምኛው ይመጣል። ክንዱን ይዤ አወረድኩት። ውሃው ዳር ተንበርክኮ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ነከረ። ሲያወጣቸው ጣቶቹን እርስ በርስ አሸ፤ "ይለሰልሳል" አለ፣ "የሳሙና ውሃ ነው የሚመስለው።" ከዚያ "እንቁራሪት አለ?" አለኝ።

"አላየሁም።"

"ትመጣለች። ውሃው ከተመለሰ እሷ አትቀርም።" ይህን ብሎ በእፍኙ ጨልፎ ወደ አፉ ሲያነሳ እጁን መታሁት። ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ላይ እጄን ሰንዝሬ አላውቅም ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፣ ሳቀ። "ጠርቷል አላልሽም እንዴ? ልጅ ሆኜ በዚህ ወንዝ ነው የኖርኩት።" ይፈላ፣ መጀመሪያ ይፈላ አልኩት። ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ወደ ቤት መለስኩትና ሮጥኩ። ከኋላዬ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁት። አልተመለስኩም። ምን ብዬ ልመለስ? ደህና ነው ብዬ ሁለት ዓመት ማሳውን ጥቁር ውሃ ያስጠጣሁ ሴት፣ ጠርቷልና አታጠጣ ልበለው?

ማታ ስገባ መዳፎቹ ቀልተው ቆዳቸው መላጥ ጀምሯል። ቅባት ቀባሁለት። "የንጹህ ውሃ ብርድ ነው" ብሎ ቀለደብኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማሳው ነጭ ሆነ። አልወደቀም፣ አልረገፈም። እያንዳንዱ ቆስጣ በቆመበት፣ ቅርጹን ሳይለቅ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀለሙ ወጥቶ ነጭ ወረቀት መስሎ ቆሟል። በመደቦቹ ላይ የመሬት ትሎች በብዛት ወጥተው ሞተዋል። ነፋሱ ሲነካው ማሳው ሁሉ ሽው ሽው አለ፤ የእርጥብ ቅጠል ድምፅ አልነበረም። ዕድሜዬን በሙሉ ቀለም ስለይ ኖሬ፣ ይህን ነጭ ግን ከምን ጋር እንደማመሳስለው አጣሁ።

አባቴ ተንበርክኮ አንዱን ቅጠል ዳሰሰ። እጁ ላይ ብትንትን አለ።

"ምንድን ነው?"

"ውርጭ ነው" አልኩት። ጥር አይደል፣ ያምናል ብዬ ነው።

"ውርጭ የመታው ይጠቁራል። ጠቁሯል?"

ነጩን እያየሁ "አዎ፣ ጠቁሯል" አልኩት።

እጁን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ስለ ዓይኑ አነሳ። ስንት ዓመት ለምኜው ቢላ እፈራለሁ ብሎ እምቢ ያለውን በራሱ አፍ "ዓይኔን ልሠራ" አለ። "ውርጭ መጥቶ ማሳዬን ሲበላ እንኳ ካላየሁ ምን ቀረኝ?" በጄ አልኩት። አባቴ ሊያይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለአባቱ የሚመኘው ነገር እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። ያ ወንዝ ይታየዋል። ያቺ ትንሽ መደብ ትታየዋለች። ከዚያ በኋላ በኔ ላይ የሚኖረው ዓይን ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ ሆስፒታሉ የሰጠንን ቀን እጠብቅ ነበር።

ወንዙ በሳምንቱ ወደ ጥቁረቱ ተመለሰ። ዝንቡም ተመለሰ፣ ሽታውም ተመለሰ። የውርጩን ወሬዬን ያላፈረሰብኝ ጎረቤት ረድቶት አባቴ ሰላጣ ተከለ፤ ጉድ የሚባለው፣ በስድስተኛው ሳምንት ከወትሮው ይልቅ አምሮ ደረሰ። እንደዚያ የፋፋ፣ እንደዚያ አረንጓዴ የሆነ ሰላጣ ከዚያ መሬት ወጥቶ አያውቅም። ነጋዴዋ ዓርብ እጭናለሁ አለች። የአባቴ አንድ ዓይን የተሠራው በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። "አርጅተሻል" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። መነጽር አድርጎ ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን መስኮት መስኮቱን ሲያይ፣ የማያውቃቸውን ፎቆች ሲቆጥር መጣ። ቤት ስንደርስ አልገባም። በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ ደጃፉ ላይ፣ እሱ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ቆሜ ቀረሁ።

አመሻሹ ላይ ወንዙ ጥቁር ነበር፤ ከላዩ የተነባበረ ግራጫ አረፋ፣ በአረፋው መሀል ቀይ ጅረት። ረጅም ጊዜ አየው። ሲመለስ ቁጣ እጠብቅ ነበር። "ይሄ ነው ትንሽ የደፈረሰው?" አለኝ በዝግታ። ልመልስለት ስል እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ። ዓይኑ ከትከሻዬ አልፎ ሄዷል። ከቤቱ ጀርባ ጀሪካኖቹን፣ ከጀሪካኖቹ ኋላ ትንሿን መደብ አያት።

"ይሄኛው ለምን ቀጨጨ?"

"የቧንቧ ውሃ ነው የሚጠጣው።"

"የማነው?"

"የኛ ነው። አንተ የምትበላው።"

ወደ ሰላጣው ዞረ፤ እንደገና ወደ ትንሿ መደብ ዞረ። ሁለት ሦስቴ እንዲያ አደረገ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔ አባቴን ምን ያህል ርቄ እንደወሰድኩት ያወቅኩት ፊቱን ሳይ ነው። ማሳው ውስጥ ገብቶ ሰላጣውን ከነሥሩ መንቀል ጀመረ። ዶክተሩ እንዳያጎነብስ አስጠንቅቆት ነበር። እያለቀስኩ ገብቼ አብሬው ነቀልኩ። እስኪጨልም ነቀልን፣ አልጨረስንም።

ዓርብ ጠዋት አይሱዙው መጣ። ነጋዴዋ ወርዳ ግማሽ ባዶውን ማሳና ተከምሮ የጠወለገውን ሰላጣ ስታይ አፏን ያዘች። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በዚያ በቀላ አንድ ዓይኑ አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያያት። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ቀለሙን ንገሪያት" አለኝ። "ሁሉንም። እንዳየሽው።"

ነገርኳት። ቀዩን፣ ወይን ጠጁን፣ አረፋውን፣ የጠራውን ቀን፣ ነጩን ማሳ ነገርኳት። የትንሿንም መደብ ነገር ሳላስቀር ጨረስኩት። የልጆቿን ነገር ስላሰብኩ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ትጮሃለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

ሴትዮዋ ግን አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካከለች። "ወንዙንማ አየዋለሁ እኮ" አለች። "ሠራተኞቼ የሚያጥቡት እሱ ውስጥ አይደል?" ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይቅር ይበሉኝ አባባ። ምርቃቱን ለልጆቼ አብልቼ አላውቅም። ለነሱ የምገዛው ከሌላ ቦታ ነው። የእርስዎን ከጭነቱ ጋር እቀላቅለውና አብሬ እሸጠዋለሁ።"

አባቴ ያሳቀፋትን እስር ሁሉ እያስታወሰ መሰለኝ እጆቹን አየ። የተላጠው ቆዳ ገና ስስና ሮዝ ነበር።

"ታዲያ ማን ነው የበላው?" አለ።

ሁለታችንንም በየተራ ሲያየን ቆየ።